የነጋሪው አደራ

(በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



ወሬ እንዴት እንደሚጓዝ ለአፋር ሕዝብ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሁለት ሰዎች በረሃ መሐል ቢገናኙ፣ ሰላምታው እንዳለቀ አረፍ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዝናቡ የት ጣለ? ግጦሹ የት ይሻላል? የማን ከብት ጠፋ? ጠብ የት ተነሣ? በመንገድ ምን እንግዳ ሰው ታየ? ሰሚው ዝም ብሎ አይቀበልም። ራስህ ነህ ያየኸው ወይስ ሰምተህ? ከማን ሰማህ? መቼ? እያለ ያጣራል። የውሸት ዳጉ ያወራ ሰው ይጠየቅበታል፣ ከዚያ በኋላም ቃሉ ይቀልላል። ትልልቅ የዜና ክፍሎች በመመሪያ ያሰፈሩትን የማጣራት ደንብ ይህ ሕዝብ ያለ ወረቀት ሲሠራበት ኖሯል።

ዳጉ ምንጩን ይጠይቃል። ተናጋሪው ግን የሚናገረው የሰሚውን ፊት እያየ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አውቆ ነው፤ ካላመነው ያስቀርበታል። ስልካችን እንዲህ ያለ ምርጫ አያውቅም። ማን እንደነገረን፣ ስንት ሰዓት፣ የት ሆነን እንደሰማን ሳይጠየቅ ይመዘግባል፤ በኋላም ላገኘው ሁሉ፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት ሳይለይ፣ ይዘረግፍለታል።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። የስልካችን ደኅንነት የራሳችን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አምኖ የነገረን ሰው አደራ ነው። ብዙ ሰው «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። በስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን የሚጠብቁት ነገር ሊኖራቸው ይችላል፤ እሱ ስለ እነሱ ሆኖ የመወሰን መብት የለውም።

ነገሩ ለዚህ ለአዋሽ ሸለቆ ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2013 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተያዙ የአውሎ ሚዲያና የኢትዮ ፎረም ጋዜጠኞችና ሠራተኞች፣ ቤተሰብ የት እንዳሉ ሳያውቅ ቆይቶ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ መታሰራቸው ተሰማ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ጭምር፣ አዋሽ አርባ ወዳለው ወታደራዊ ካምፕ ተወስደው ለወራት ታስረዋል። በእነዚህ ሰዎች አቋም ላይ እያንዳንዳችን የየራሳችን ሐሳብ ይኖረናል፤ ዛሬ የማነሣው እሱን አይደለም። የማነሣው ጋዜጠኛ በተያዘ ቁጥር አብሮት ስለሚያዘው ስልክ ነው። በዚያ ስልክ ውስጥ ያልተያዙ ሰዎች አሉ፤ ስለ ደመወዝ መዘግየት የነገረችው ነርስ፣ ስለ መሬት ውል ወረቀት ያሳየው የቀበሌ ሠራተኛ፣ ስሙ እንዳይጠቀስ የለመነው ሹፌር። ጋዜጠኛው ዝም ቢል ስልኩ ዝም አይልም።

ማጥመጃው ከምንወደው ነገር ነው

አገራችን በዚህ ጉዳይ ለዓለም ምሳሌ ሆና ስትጠቀስ ቆይታለች፤ የሚያኮራ ምሳሌ ግን አይደለም። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የሚባል የምርምር ማዕከል አለ። ይህ ማዕከል በመጋቢት 2005 ፊንስፓይ ስለተባለ የስለላ ፕሮግራም ሪፖርት አወጣ። ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶግራፍ መስሎ ነበር። ፎቶውን ልይ ብሎ የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፤ ከበስተጀርባው ግን ፕሮግራሙ ገብቶ ይቀመጣል። የሚገናኝበት ሰርቨር የነበረው በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ደግሞ ተራው የኢሳት ቴሌቪዥን ነበር። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በውጭ አገር ወዳሉ ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ሦስት ጊዜ የጥቃት ሙከራ ተደረገ። በስካይፕ የተላከው ፋይል ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሥራ መሆኑን ያው ማዕከል አጋለጠ። በ2007 መጨረሻ ላይ የኩባንያው የራሱ ሰነድ ተሰርቆ ሲዘረገፍ የኢትዮጵያ መንግሥት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ አንዱ መሆኑ በግልጽ ታየ። በኅዳር 2010 በወጣው ሌላ ሪፖርት ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም ተጠቀሰ። ወደ አክቲቪስቱ ጃዋር መሐመድ የተላኩት ኢሜይሎች ቪዲዮ ለማየት መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽን አድሱ የሚሉ ነበሩ።

ሦስቱን አስተያዩዋቸው። ለፖለቲካ ሰው የፖለቲካ ፎቶ፣ ለጋዜጠኛ የሚታተም ጽሑፍ፣ ቪዲዮ ለሚያይ ቪዲዮ። አጥማጁ ማጥመጃውን የሚሠራው ከምንወደው፣ ከምንጠብቀው፣ በሥራችን በየቀኑ ከምንከፍተው ነገር ነው። «እኔ የማላውቀውን ሊንክ አልነካም» ማለት ስለዚህ አይበቃም፤ የሚመጣው በምናውቀው ሰው ስም፣ በምናውቀው ጉዳይ ነው። መፍትሔው ፋይሉን ከመክፈት በፊት ደውሎ «አንተ ነህ የላክኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የዳጉ ጥያቄ እዚህ ላይ ይሠራል።

የዚህ ጉዳት ከፖለቲከኛው አልፎ ቤት ድረስ እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ለደኅንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል ስም ብቻ ቀርቦ፣ በየካቲት 2006 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በኮምፒዩተሩ ላይ ፊንስፓይ ለወራት ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ነበር። ከተወሰዱት ነገሮች መካከል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራው ስለ ስፖርት ሕክምና ያደረገው የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር ይገኝበታል። በመጋቢት 2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥቃቱ በሙሉ የተፈጸመው አሜሪካ ውስጥ ስላልሆነ የውጭ መንግሥት በዚህ ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሰውየው ጠበቃም ነበረው፣ ማስረጃም ነበረው፤ ካሣ ግን አላገኘም። ከደረሰ በኋላ ማስተካከል እንዲህ ከባድ ነው።

ጥንቃቄ ወንጀል የተባለበት ጊዜ

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 እና በማግስቱ ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ በተባለ የኢንተርኔት ደኅንነት ማስተማሪያ መሠልጠናቸው ነበር። ይህ ማስተማሪያ ለመብት ተሟጋቾች የተዘጋጀ፣ ማንም ሰው በነጻ የሚያነበው ነው፤ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ፋይል እንዴት እንደሚቆለፍ ያስተምራል። በሐምሌ 2007 አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2008 የቀሩት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ።

ይህን የማነሣው ዛሬም «የሚጠነቀቅ ሰው የሚያጠፋው ነገር አለው» የሚል ሐሳብ በየቤቱ ስላለ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው በደብዳቤ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ የሚደረገውም በሕግ፣ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ነው። ስልኩን የሚቆልፍ ዜጋ ይህን መብቱን እየተጠቀመ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፖሊስ በር ላይ ከቆመ በኋላ መረጃ መደምሰስ ማስረጃ ማጥፋት ተብሎ ራሱን የቻለ ክስ ሊያስከትል ይችላል። ማጽዳት በሰላሙ ጊዜ፣ እንደ ልማድ የሚደረግ ነገር ነው። የማያስፈልገንን አለማከማቸት ከሁሉም ጥንቃቄ ይቀድማል።

ሎጊያ ላይ ስልክ ሲከፈት

ከሩቅ የሚመጣው ስለላ እንዳለ ሆኖ፣ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከአጠገባችን ነው። ሎጊያ ላይ፣ ከባድ መኪናዎች በሚያድሩበት ሰፈር፣ በአንድ የሞባይል ሱቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት አዲስ ስልክ ይዞ መጣ። ባለሱቁ ልጅ ተቀብሎ በራሱ እጅ ጂሜይል ከፈተለት። የይለፍ ቃሉን የረዳቱን ስልክ ቁጥር አደረገው። መጠባበቂያ ቁጥር ሲጠይቀው የራሱን አስገባ። ከዚያ ከራሱ ስልክ በዜንደር አፕሊኬሽኖችን ጫነለት፤ ከእነሱም መካከል ከፕሌይ ስቶር ውጭ የተገኙ፣ ማን እንደሠራቸው የማይታወቁ ነበሩ። ረዳቱ ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ወደ ጋላፊ ጉዞውን ቀጠለ።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ደንበኛውን ቶሎ ማስተናገዱ ነው። ግን የረዳቱ የአድራሻ ዝርዝር፣ ፎቶግራፍና የሄደበት ቦታ ሁሉ የሚቀመጥበት አካውንት ቁልፍ በማያውቀው ሰው እጅ ቀረ። ረዳቱ ነገ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ቢሆን፣ ወይም ለጋዜጠኛ ስለ ኬላ ጉቦ ፎቶ ቢልክ፣ ያን ቀን ማን በሩን ሊከፍት እንደሚችል አያውቅም። ስለዚህ አካውንታችንን እኛው እንክፈት፤ ማንበብ የማይችል ዘመድ ካለን ከልጆቹ አንዱ ይክፈትለት። የይለፍ ቃሉ ከስልክ ቁጥርና ከልደት ዘመን የራቀ፣ ረዘም ያለ ይሁን። መጠባበቂያው ቁጥር የራሳችን ወይም የቤተሰብ ይሁን። ስልክ ለጥገና ስንሰጥ ሲምና ሚሞሪ ካርዱን እናውጣ፤ የይለፍ ቃላችንን በወረቀት ጽፈን ስልኩ ላይ አንለጥፍ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርጉለት ሱቅ ትቶ የሚያድር ሰውም ቢያንስ አጥፍቶ ይተወው። የጠፋ ስልክ ሲበራ ዋናውን የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል፤ ጣት ማስነካት አይበቃውም። ውስጡ ያለው መረጃም ተቆልፎ ብቻ ከተቀመጠ ስልክ በተሻለ ይጠበቃል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ጋዜጠኛም ይህን ቢለምድ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው የቅርብ አደጋ ኮድ ነው። ከወዳጃችሁ አካውንት በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፤ «በስህተት አንድ ኮድ ወደ አንተ ስልክ ልኬ ነበር፣ እባክህ ላክልኝ» ይላል። ወዳጃችሁ አይደለም የጻፈው፤ አካውንቱ ቀድሞ ተወስዷል። ኮዱን የላከ ሰው የራሱን በር ከፍቶ ሰጠ፤ ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእሱ ወዳጆች ነው። ኮድ ለባልም ለሚስትም፣ ለባንክ ነኝ ባይም፣ ለቴሌ ነኝ ባይም አይሰጥም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያበራ ሰው ኮዱ ቢሰረቅበት እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ ይተርፋል።

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ሲግናል

ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ዕድሩም ሆኗል። ብዙ ሰው ያልተረዳው ግን የቴሌግራም ተራ መልእክትና ግሩፕ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተቆለፈ አለመሆኑን ነው። መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ኩባንያው ሊያነበው በሚችል መልክ ይቀመጣል። ከጽሑፍ መልእክቱ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሴክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ፈረንሳይ ላይ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

ዋትስአፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ሁሉ እስከ ጫፍ ይቆልፋል። ሆኖም ወደ ጉግል የሚቀመጠው ቅጂ መቆለፊያው ለብቻው ካልበራ አይቆለፍም፤ በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደመተው ነው። ሲግናል የሚባለው ደግሞ የሚያስቀምጠው ነገር ራሱ ጥቂት ነው። በዚያው በአውሮፓውያኑ 2016 የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ ስለ ተጠቃሚ መረጃ ስጡ ብሎ ሲያዝ መስጠት የቻሉት አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላው ስላልተቀመጠ የሚሰጥ አልነበረም። ምንጩን የሚጠብቅ ጋዜጠኛ እንዲህ ያለውን ይምረጥ፤ መልእክቱም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከሁለቱም ስልክ ራሱ እንዲጠፋ ያድርግ።

ተራ የስልክ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ከእነዚህ ሁሉ ይብሳል። የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት የተያዙ ሰዎች በምርመራ ወቅት የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ እንደተከፈተባቸው መመስከራቸውን ጽፏል። ንግግሩ ባይቀዳ እንኳ ማን ለማን፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማማ በኩል እንደደወለ ይመዘገባል። መርካቶ ላይ በአንድ ማማ ሥር በሺህ የሚቆጠር ሰው አለ። በገዋኔና በሚሌ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ግን በሌሊት የደወለ ስልክ ብዙ አይደለም፤ የደዋዩን ማንነት ለመገመት ንግግሩን መስማት አያስፈልግም። የገጠር ምንጭ ከከተማው ይልቅ የሚጋለጠው ለዚህ ነው፤ ዘጋቢው አዲስ አበባ ተቀምጦ በተራ መስመር ሲደውልለት ይህን ማሰብ አለበት። አንዳንዴ ከሁሉ የሚሻለው አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ ፊት ለፊት መነጋገር ነው።

ከመንግሥት ውጭ ያለ ጠላት

የሚያጠቃ መንግሥት ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 መጀመሪያ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው፣ የሥራ ቦታቸውም ጭምር፣ ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። ልጃቸው ኩባንያው እንዲያነሣው ደጋግሞ አመለከተ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታኅሣሥ 2015 በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሱ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። እዚህ ላይ የተጠለፈ ስልክ የለም፣ የተሰረቀ የይለፍ ቃልም የለም። ስምና ፎቶ፣ የሥራ ቦታና ውንጀላ ብቻ በቂ ነበሩ። ስለዚህ የሰው ፎቶና ቤት ለሕዝብ ስንለጥፍ፣ ወይም ሌላው የለጠፈውን ስናጋራ፣ መሣሪያ እያቀበልን ሊሆን እንደሚችል እናስብ።

በአፋር አድርገው የሚያልፉ ስደተኞችም አሉ፤ በሎጊያና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመን። ደላሎች ስልካቸውን ይዘው ከውስጡ የእናትና የወንድም ቁጥር እያወጡ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ይደውላሉ። ለመንገደኛ ልጅ የሚሰጥ ምክር ስንቅ ብቻ አይደለም፤ ሁለት የቤተሰብ ቁጥር በቃሉ እንዲይዝ፣ የቀረውን ዝርዝር ከስልኩ አውጥቶ እንዲሄድ መንገርም ይገባል። ባይሄድ ይሻላል፤ ከሄደ ግን ዘመዶቹን ሁሉ በኪሱ ይዞ አይሂድ።

የእርዳታ ሠራተኞችም ስሙኝ። በ2017 የመሬት መንቀጥቀጡ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻን ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅል ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና ስልክ ቁጥር ተመዝግቧል፤ መመዝገብ ግድ ነው። ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ሃምሳ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ሲጣል የማን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ፎቶን በቴሌግራም እንደ ፋይል የላከ ሰው የተነሣበትን ቦታ መለያ ጭምር ሊልክ ይችላል፤ ጥቃት ደርሶባት ከባሏ ቤት ሸሽታ የተጠለለች ሴት በዚያ ፎቶ ልትገኝ ትችላለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ እንዲያስታውቅና ከዓላማው ውጭ እንዳይጠቀምበት ያስገድዳል። ሕጉ አዲስ ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለው የምንጠይቀው ካለ ነው። ድርጅት ስማችሁን ሲመዘግብ ዝርዝሩ የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል ብላችሁ ጠይቁ።

ኢንተርኔት በሚዘጋበት ጊዜም ጥንቃቄው ይጨምራል። በትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ በ2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሰው በዚያ ጭንቀት ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ከጓደኛው ስልክ ይጭናል። ነጻ ቪፒኤን ከሚባሉት መካከል የሚያልፍባቸውን መረጃ ሸጠው የሚኖሩ አሉ። ታዋቂና የተመሰከረለትን በሰላሙ ጊዜ ጭኖ ማስቀመጥ፣ በችግሩ ቀን ከመሯሯጥ ይሻላል።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለብቻው ሊሸከመውም አይገባም። አንድ ግሩፕ የሚጠበቀው ግድ የለሽ የሆነው አባሉ በሚጠበቅበት ልክ ነው፤ ዘጠኙ ተጠንቅቀው አሥረኛው ስልኩን ካልቆለፈ የአሥሩም ንግግር ክፍት ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየዜና ክፍሉ አብሮ መስማማት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከተያዘ ማን ከግሩፕ ያስወጣዋል? ጠበቃ ማን ይጠራል? ለቤተሰብ ማን ይነግራል? ይህን አስቀድሞ የተነጋገረ ቡድን በጭንቅ ቀን አይደነባበርም። አለቆችም ይስሙ፤ ዘጋቢን ወደ አደጋ ልኮ የቢሮ ስልክና ሥልጠና መንፈግ ቁጠባ አይባልም፤ ጥፋት ነው።

የዛሬውን ትምህርት በተግባር እንጀምረው። ስልካችሁን አውጡ። ቴሌግራም ክፈቱ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዲቫይስስ የሚለውን ንኩ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይዘረዘራሉ። የማታውቁት ካለ አሁኑኑ አስወጡት፤ ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። የከበዳችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከጎናችሁ ያለው ይርዳችሁ፣ የይለፍ ቃላችሁን ግን ራሳችሁ ጻፉ።